የሐጃ ተቂያ ገመድ

ሰንዓ ውስጥ የሐጃ ተቂያን በር አንኳኩቶ ሳይሰደብ የገባ ሰው የለም። ቤታቸው እንደ ሌላው የአሮጌው ከተማ ቤት ፎቅ በፎቅ ላይ የተቆለለ ነው። አሮጊቷ ሐጃ የሚውሉት አራተኛው ፎቅ፣ መስኮት ሥር ነው፤ ጉልበታቸው ደረጃን እምቢ ካለ ቆይቷል። ከመከዳቸው አጠገብ ግን በየወለሉ ቀዳዳ እያለፈ እስከ ታችኛው በር የሚወርድ ገመድ አለ። በሩ ሲንኳኳ በመስኮት ቁልቁል አየት ያደርጉና፣

«ማነህ አንተ? ደግሞ ምን ፈልገህ መጣህ?» ይላሉ።

መልሱ ከጣማቸው ገመዱን ይስባሉ፤ የእንጨቱ መቀርቀሪያ ይነሳል። ካልጣማቸው ደግሞ እንግዳው እዚያው ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል።

«ይቺ ገመድ ባትኖር እኔም እንደ አሮጌ ምንጣፍ ተጠቅልዬ ጥግ ይዤ ነበር» ይሉ ነበር። እየሳቁ ይበሉት እንጂ ከልባቸው ነው።

በቅርቡ ታዲያ ቀኝ ትከሻቸው ከዳቸው። ገመዱን በሳቡ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ «አልቻልኩም» ያሉ ዕለት ገመዱን የሚቀሟቸው እየመሰላቸው ፈሩ። መዳፋቸውን እንዳይልጠው አሮጌ ሻሻቸውን ገመዱ ላይ ጠመጠሙ። ለጠየቃቸው ሁሉ «ለጌጥ ነው» ነበር መልሳቸው።

የልጅ ልጃቸው የቀቡል እጮኛ ሙጠሀር ይባላል። ይሄ ልጅ ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም ነው የሚውለው፤ የተበላሸ ማራገቢያ ስጡት፣ ምን እንደሆነ እሱም የማያውቀው ነገር ሠርቶ ያመጣላችኋል። አንድ ጠዋት ሽቦና ሣጥን ተሸክሞ መጣ።

«ሐጃ፣ ከእንግዲህ ይረፉ! ይቺን ቁልፍ ጫን ሲያደርጓት በሩ በራሱ ይከፈታል። የሚሠራው በፀሐይ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም አያሳስብዎ።»

«እረፍትማ መቃብር ውስጥ ሞልቶልኛል! ልረፍ ብዬሃለሁ?»

«ገና አላየሽም እምዬ፣ ደረጃውንም ሠርቶታል» አለች ቀቡል፣ በእጮኛዋ ኮርታ።

«አዎ! ወንድ ደረጃ ሲወጣ ‹አላህ! አላህ!› ማለቱን እየረሳ፣ ሴቶቹ ሳይከናነቡ ስንቱ ነው ድንገት የሚደርስባቸው? ይኸው፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጥ መሣሪያው ይጮኽለታል» አለና ሙጠሀር ወርዶ ረገጠው። የራሱ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው «አላህ! አላህ!» እያለ ቤቱን አናጋው።

«ሴት ስትረግጠውስ?» አሉ ሐጃ ከላይ።

ሙጠሀር ራሱን አከከ። «ሴቶች… ዘለው ሁለተኛውን ደረጃ ይርገጡ።»

«እሰይ! በእርጅናችን ዝላይ ልታስተምረን!»

ቢሆንም የሐጃ ልጅ ሉጥፍ፣ የቀቡል አባት፣ «እማማ፣ ዘመኑ ነው» ብሎ ገመዱን ፈትቶ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ቁልፏን ያገኘ ሁሉ ይጫናት ጀመር፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብሎ ሐጃን የሚያማክር ጠፋ። ሐጃም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ምሳ አልበላም አሉ። አንጀት ይበላሉ።

ሐሙስ ከሰዓት ለቀቡል የመታጨት ደስታ የሰፈሩ ሴቶች ሐጃ ክፍል ተሰበሰቡ። ፀጉሩ ተለቆ፣ ወርቁ ተደርድሮ፣ ማር የጠገበው ድርብርብ ዳቦ መሃል ላይ ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ፣ ከታች «አላህ! አላህ!» አለ።

ወይ ጉድ! ሁሉም መከናነቢያ ፍለጋ ተራወጠ። አንዷ የሌላዋን ነጠቀች። ጎረቤታቸው ካቲባ እንደ መቀመጥ ስትል ማሩ ላይ ዘፍ አለች። ትንፋሻቸውን ውጠው ሲጠብቁ መጋረጃውን ገልጣ የገባችው የቤቱ ድመት፣ ዘቢባ ናት።

ዘቢባን አባረሯት። ግን ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳ፤ ዳቦው ሸቷታል። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች፤ ደግሞም «አላህ! አላህ!»፤ ደግሞም ሩጫ። ሐጃ ከዚያ ሁሉ ቀን ኩርፊያ በኋላ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በሦስተኛው ጩኸት ካቲባ፣ «ተቀመጡ ወዲያ! ድመቷ ናት!» አለች። ማንም ንቅንቅ አላለም። «ሂጂ አንቺ ሌባ!» ብላም ጫማዋን ወደ መጋረጃው ወረወረች።

ጫማው ያረፈው ሙጠሀር ደረት ላይ ነው። የዘቢብ መጠጥ በትልቅ ማሰሮ ተሸክሞ፣ ጩኸቱን ለመሣሪያው ትቶ፣ አፉን ዘግቶ ነበር የመጣው።

ጩኸቱ መንደሩን አናወጠው። «ዓይንህን ጨፍን፣ አንተ መዓተኛ!» አሉ ሐጃ። ሙጠሀር ጨፈነ፤ ማሰሮው ወደቀ። እሱም ግድግዳ እየዳበሰ፣ «አላህ! አላህ!» እያለ ቁልቁል ሮጠ። ሲወርድ የሚጮኽ ወንድ ሰንዓ ገና ያን ዕለት አየች።

በማግስቱ ሉጥፍ ሽቦውን ሁሉ ነቃቅሎ ሲጥል ሙጠሀር አንገቱን ደፍቶ መጣ። በየፎቁ እየቆመ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «አላህ! አላህ!» አለ። ከሐጃ ፊት ተቀምጦ ከረጢቱን ሲዘረግፍ ትንንሽ የእንጨት መዘውሮች ወጡ፤ ከተተዉ የውሃ ጉድጓዶች የለቀማቸው ናቸው።

«መጀመሪያውኑ መሥራት የነበረብኝ ይሄን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሻሹን አይቼው ነበር፤ ለጌጥ የታሰረ ጨርቅ እንዲያ ተበልቶ አያልቅም። ገመዱ በየቀዳዳው እየታከከ ከብዶዎታል። እጅዎን ላሳርፍ ብዬ ሥራዎን ቀማሁዎ።»

ሐጃ ክው አሉ። «ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም። ለቀቡልም ቢሆን።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ተናደዱበትም፣ ወደዱትም። «በል ግጠመዋ! ምን ይገትርሃል?» አሉት።

በየቀዳዳው መዘውር ገጥሞ፣ ገመዱን መልሶ አስገብቶ፣ ወጥቶ በሩን ዘጋና አንኳኳ።

«ማነህ አንተ?»

«ሙጠሀር ነኝ ሐጃ!»

«የቱ ሙጠሀር? ሲወርድ የሚጮኸው?»

የመንገዱ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሐጃ ገመዱን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት። ጥርሳቸውን ነክሰው ሳቡት፤ ትከሻቸው ግን ምንም አላለም፤ መቀርቀሪያው ተነሳ። ለማረጋገጥ ለቀው አሁንም ሳቡ።

«አላህ! አላህ!» ይላል ልጁ ከደረጃው።

«ጩኽ እንጂ! አልሰማሁህም!» አሉ፣ እየሰሙት። ከዚያም ሻሹን ከገመዱ ላይ ፈቱና፣ ወንድ እየመጣ አይደል፣ ራሳቸው ላይ አሰሩት።