ሦስተኛው ምስክር

ዐብዱልባሲጥ ጠመንጃ ሊገዛ ሦስት ወር ሙሉ ፈቃድ ሲጠብቅ ነበር። ሻጩ ጌታነህ ሕግ አክባሪ ነው፤ «ወረቀቱን ሳታሳየኝ ከቤቴ አይወጣም» ብሎታል። አሻራው ተልኮ ንጹሕ ነው ተብሎ መጣ። የቀረው ስለ ፀባዩ ሦስት ሰው መፈረም ብቻ ነው። ሁለቱ ፈረሙ። ሦስተኛው የግድ የማሳ ጎረቤት መሆን አለበት ተባለ፤ ድሬ ጠያራ ላይ ደግሞ የጫት ማሳው ጎረቤት አጎቴ ሙሜ ነው።

አጎቴ አይፈርምም። አልፈርምም ብሎም አይናገርም። ከጠመንጃ ፈቃድ ቢሮ ሲደወልለት አንዴ ለቅሶ ላይ ነው፣ አንዴ ጊደር መጋላ ገበያ ማሽላ እያስጫነ ነው። ሰው ሁሉ ፈቃዱን ያዘገየው ቢሮው መስሎት ሲረግም እሱ ዝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ዐብዱልባሲጥ ክንዱን በገጀራ መታው። ይኸው አጎቴ እስከ ዛሬ በዚያ ሙቀት እጅጌ ረጅም ነው የሚለብሰው። ፖሊስ ጋ አልደረሰም። ሽማግሌ ገባ፣ ዐብዱልባሲጥ ካሰ፣ የዕርቁ ፋቲሃ ተቀራ። ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ ጠቡን የሚያነሳ ሰው ሽማግሌዎቹን እንደሰደበ ነው። ለእናንተ ማውራቴ ራሱ ልክ አይደለም።

ስለዚህ ቢፈርም ጠመንጃው መጥቶ ድንበሩ ላይ ይቆማል። ቢናገር ፋቲሃውን አፈረሰ።

ሚስቱ ሳፊያ «ፈርምና ተገላገል» ትለዋለች።

«ከምኑ? ከነፍሴ?»

በመጨረሻ ፈቃዱን የምታጣራው ኢንስፔክተር ዕፀገነት ራሷ አቦከር ድረስ አጎቴ ቤት መጣች። ሐረር ተወልዳ ያደገች ናት። ፎርሙን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣

«ጋሽ ሙሜ፣ ሰውየው ከሰው ተጣልቶ ያውቃል?» አለችው።

እጅጌውን ወደ ታች ጎተት አደረገ።

«እኔና እሱ ፋቲሃ ቀርተናል።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው።»

«በምን ተነሳ?»

«ፋቲሃ ቀርተናል አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

እጅጌውን አየች። ፎርሙን አጠፈችና «ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተነሳች።

በአሥረኛው ቀን ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ጌታነህ ጠመንጃውን ወልውሎ መልሶ ቆለፈበት።

ዐብዱልባሲጥ ማሳ ድረስ መጣ። አጎቴ ቦዩ ጋ ቆሟል።

«ምን አልካት?»

«ፋቲሃ ቀርተናል አልኳት። አልቀራንም እንዴ?»

«ቀርተናል።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ዐብዱልባሲጥ የአጎቴን ጥፋት ለመናገር ጠቡን እሱ ራሱ ማንሳት ሊኖርበት ነው። ውሃውን ትንሽ አየ።

«ዛሬ ተራው የማን ነው?»

«ያንተ» አለው አጎቴ፣ አካፋውን አቀበለውና ወደ ማሳው ገባ።