ቁስል ይቅመሰው

እህቴ እናኑ ሰው አታምንም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከጎንደር ወጥተን መተማን ስንሻገር፣ መንገድ የሚያሳየንን ሰው እንኳ ከፊት አስቀድማ እሷ ዱላ ይዛ ከኋላው ነበር የምትሄደው። ዶካ ስንደርስ ከጭነት መኪና ላይ ወደቅሁና እግሬ ተሰበረ። ገዳሪፍ ዳር ካለች አንዲት የእርዳታ ሆስፒታል አስገቡኝ።

ስብራቱን በደንብ ጠገኑልኝ። መግሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሱዳናዊው ሐኪም ቁስሉን አየት አድርጎ ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄን ከውጭ ይዘኸው አልመጣህም፤ እዚሁ ክፍሉ ውስጥ ነው የያዘህ። ያለን መርፌም አልበገረውም" አለኝ በአስተርጓሚ። በሳምንቱ መጨረሻ ካልደረቀ እግሬ ይቆረጣል።

ክረምቱ ሊገባ ነው፤ የሰሊጥ አረም ሊጀመር ነው። በአንድ እግሩ የሚያርም ሰው ማን ይቀጥራል? ፈራሁ። እናኑ ግን ሐኪሙንም፣ መርፌውንም፣ አልጋውንም ጠረጠረች። በአልጋው እንኳ አልተሳሳተችም።

ዙህራ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የመተማ ሰው ናት፤ ገዳሪፍ ገበያ ሱቅ አላት፤ የአገሯን ልጆች ልትጠይቅ ትመላለሳለች። ሱንት ከሚሉት የወንዝ ዳር ግራር ፍሬውን ቀቅላ፣ ቀዩን ውሃ በማሰሮ ይዛልን መጣች። ፋቂዎች ቆዳ የሚያለፉበት ፍሬ ነው፤ እዚያ አገር ቁስልም ይታጠቡበታል። ሐኪሙን ስትጠይቀው፣ "ከእኔ መርፌ አይብስም። ብቻ በደንብ ይፍላ፤ ጨርቁም ንጹሕ ይሁን" አለ።

እናኑ ማሰሮውን አየች፤ ዙህራን አየች። በእኛ አገር ጠላም ይሁን መድኃኒት፣ የሚያቀርበው ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል።

"ቅመሺልኝ" አለቻት።

ዙህራ ሳቀች። "እናኑዬ፣ ረመዳን አይደለም እንዴ? ጾመኛ ነኝ። መግሪብ ይድረስና እቀምስልሻለሁ፣ ወላሂ! ደግሞስ ለቁስል ነው እንጂ ለአፍ መች ሆነና?"

ዙህራ ስትወጣ እናኑ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከች። "ማታ የምትቀምሰውማ ሌላ ማሰሮ ነው። ለቁስል ከሆነ ቁስል ይቅመሰው።"

ከጎኔ ከማሉ የሚባል የቀን ሠራተኛ ተኝቷል። የእሱም እግር እንደ እኔው እዚያው መግል ይዟል፤ ጠያቂ ዘመድ የለውም። እናኑ ዙህራ የምታመጣውን ቀይ ውሃ በእሱ ቁስል ላይ ታፈስ ጀመር። እኔን በፈላ ውሃ ብቻ ታጥበኛለች።

"እቴ፣ የእኔ ውሃ ለምን ነጣ?"

"ዝም በል! እሱ ይሞክርልን። ቢሞት የሚያለቅስለት የለም።"

ሰቀጠጠኝ፤ ትኩሳቱ ግን የምከራከርበት አቅም አልተወልኝም።

ከማሉን ሲያቃጥለው "አላልኩህም?" አለችኝ። ሽታው ሲጠፋ "ሊያዘናጋን ነው" አለች። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ሲያወጣ ግን ማሰሮውን ታቅፋ ወደ እኔ ሮጠች። ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ነበር። መቅላቱ ወደ ጉልበቴ እየወጣ ነው።

"ዛሬውኑ" አለ።

"ይቺን ብቻ ልጠበው! ይቺን ብቻ!" እግሩ ላይ ስትወድቅ ማሰሮው ተሰበረ።

ዒድ እንዳለፈ ከማሉ ሥራ ፍለጋ ወደ ሀዋታ ሊሄድ ተነሳ። በሁለት እግሩ መጥቶ የእናኑን ትከሻ ሳመ።

"ወገን የለኝም ብዬ ነበር። ከወንድምሽ ቀንሰሽ እኔን አጠብሽኝ። አላህ ይክፈልሽ፣ እህቴ።"

እናኑ ብርድ ልብሴ በተቆረጠው እግሬ በኩል የጎደጎደበትን ቦታ አየች። ለመንገዱ ውሃ በጣሳ ቀዳችለት። እንደ ልማዷ ልትቀምስለት መዳፏን ስትዘረጋ ከማሉ ጣሳውን ተቀበላት።

"ከአንቺ እጅ ለመጣ ምን መቅመስ ያስፈልገዋል?" አለና ጨለጠው።