ያልደረሰችበት ለቅሶ

ሰገነት ሕሩይ እናቷ ስትሞት ዲላ ነበረች። የሦስተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ናት፤ ጊዜው የፈተና ሰሞን ነበር። ቤተሰቡ ተመካከረና «ፈተናዋን ጨርሳ ትምጣ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነግራት» ተባለ። ወደ እናቷ ስልክ በደወለች ቁጥር አባቷ አቶ ሕሩይ እያነሱ «ተኝታለች» ይሏት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ «ጠበል ሄዳለች» አሏት። እሷም አመነች።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስትደርስ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ የእድሩ ወንበርና ድስት ተመልሷል። ያን ምሽት እናቷ ሆስፒታል መሆኗን ብቻ ነገሯት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አክስቷና ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና አረዷት። እናቷን የገደላት ደም ግፊት ነው፤ መድኃኒቱን «ደህና ነኝ» ብላ ትታው ነበር። ሴቶቹ ጮኹ። አክስቷ ደረቷን መታች። ሰገነት ሳሎኑ ውስጥ ፍራሿ ላይ እንደተቀመጠች የሶፋው ቦታ መቀየሩን አየች። ሁሉም እሷን እየጠበቁ እንደሆነ ገብቷታል። ግን ምንም አልመጣላትም።

«ደንግጣ ነው» አሉ። ከምሳ በፊት ሰዉ ተበተነ። እነሱ አልቅሰው ጨርሰዋል።

ዩኒቨርሲቲው ክረምቱን ኢንተርንሺፕ እንድትሠራ ስላዘዘ፣ ቀበና ወንዝ አቅራቢያ ያለ የወጣቶች ማዕከል ተመደበች። ጠዋት ጠዋት ከየካ አባዶ ታክሲ ተሰልፋ መገናኛ ትወርዳለች፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ ትይዛለች። አንዳንዴ መውረጃዋን አልፋ ትሄድና በእግሯ ትመለሳለች። ማታ ቤት ስትገባ አቶ ሕሩይ «በላሽ?» ይሏታል፤ «በላሁ» ትላለች። ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

የማዕከሉ አስተባባሪ ወይዘሮ ክብረት ፈጣንና ደግ ሴት ናት። «ጠዋት ለሕፃናቱ ንባብና ሒሳብ ታስጠኛለሽ፤ ከሰዓት የወጣቶቹን ድራማ ክበብ ትይዣለሽ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለአካባቢው ሰው የሚታይ ነገር እንፈልጋለን» አለቻት።

«እሺ» አለች ሰገነት።

ሥራውን ደህና አድርጋ ሠራችው። በሰዓቷ ትገባለች፣ ጠመኔ ቆጥባ ትጽፋለች፣ ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ለይታ ደጋግማ ታስረዳለች። አትቆጣም፤ አትስቅም። ከእንጦጦ ተዳፋት የምትመጣው ጫልቱ፣ ከክበቡ ልጆች ሁሉ ደፋሯ፣ አንድ ቀን «ቲቸር ሰጊ፣ ተናደሽብን ነው እንዴ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ኧረ፣ በምን እናደዳለሁ?»

«እኔ እንጃ። ስናስቅሽ አትስቂም።»

የዘንድሮው የማስተማሪያ ርዕስ ደም ግፊት ነው ብላ የነገረቻቸው ወይዘሮ ክብረት ናት። ድራማው እንዳለቀ ከጤና ጣቢያ ነርሶች መጥተው የተመልካቹን ግፊት ይለካሉ። ስለ ሰገነት ቤት ክብረት የምታውቀው ነገር የለም፤ ሰገነትም አልነገረቻትም። ልጆቹ ታሪኩን ሲያወጡ ረጅሙ ገመቺስ እጁን አነሳ።

«እናትየው መድኃኒቷን ታቋርጥና ትሙት። ልጅቷ ከክፍለ ሀገር ስትመጣ መርዶ ይነገራት። መርዶ ካለበት ሰው ያለቅሳል፤ ያለቀሰበትን ደግሞ አይረሳም።»

ሁሉም ተስማሙ። ሰገነት ሐሳቡን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ልጅቷን ጫልቱ እንድትሆን፣ መርዶ ነጋሪውን አጎት ገመቺስ እንዲሆን ተወሰነ። በየቀኑ ከሰዓት ጫልቱ እየጮኸች መሬት ላይ ትወድቃለች፤ ሰገነትም «ከጉሮሮሽ አይደለም፣ ከሆድሽ አውጪው» ትላታለች። ከዚያ ሁሉም ይሳሳቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ።

ድራማው የሚታየው የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ጫልቱ ደወለች።

«ቲቸር፣ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦታል። እናቴ አትወርጂም ብላ ያዘችኝ።»

አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት የሠፈሩ የእድር ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ክብረት ወደ ሰገነት ጠጋ ብላ «ቃሉን በሙሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ግቢላት» አለቻት።

«እሺ» አለች ሰገነት።

የመጀመሪያው ክፍል ሰዉን አሳቀው። እናትየው መድኃኒቷን ትራስ ሥር ስትደብቅ ሴቶቹ እርስ በርስ ተጎሻሸሙ። ቀጥሎ ሰገነት ሻንጣ ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች። ገመቺስ ኮቱን አዘቅዝቆ ለብሶ መሐል ላይ ቆሟል።

«ልጄ፣ በርቺ። እናትሽ አርፋለች» አላት።

እዚህ ላይ መጮህና መውደቅ ነበረባት። ሰገነት ቆማ ቀረች። ሻንጣውን እንኳ አላስቀመጠችም። ገመቺስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር» አላት። ከዚያ እሷ ተናገረች፤ በድራማው ውስጥ የሌለ ነገር ነበር።

«መቼ ቀበራችኋት?»

ገመቺስ ግራ ገባው። «ሰሞኑን ነው» አለ።

«ስደውልስ ተኝታለች ያላችሁኝ?»

«እንዳትደነግጪ ብለን ነዋ።»

«ዝናብ ነበር? ስትቀበር ዝናብ ነበር?»

ሰገነት መልስ እንደሚጠብቅ ሰው እያየችው ቆመች። ድምፅዋ ገበያ ላይ ዋጋ የምትጠይቅ ሴት ድምፅ ይመስል ነበር። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን» ብላ በቀስታ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እትዬ ዓለም የሚባሉት የእድሩ ሰብሳቢ ግን አላለቀሱም። ከወንበራቸው ተነሥተው መድረኩ ላይ ወጡ፣ ሻንጣውን ከእጇ ተቀበሏትና ጆሮዋ ሥር «ይሄ ቴአትር አይደለም። ማንሽ ናት?» አሏት።

«እናቴ።»

«መቼ?»

«ግንቦት ላይ።»

«አልቅሰሽላታል?»

«አልደረስኩም።»

እትዬ ዓለም ክንዷን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷት። አዳራሹ ውስጥ ገመቺስ ድራማውን ከቆመበት ቀጥሎ ጨረሰውና ሰዉ ግፊቱን ለመለካት ተሰለፈ። ወይዘሮ ክብረት መጥታ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት። ሰገነት ሳትነግራት የቀረችበት ምክንያት አልነበራትም። አፏ ውስጥ የጠመኔ ጣዕም ብቻ ነበር።

በማግስቱ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የቤታቸው በር ተንኳኳ። እትዬ ዓለም ከሌሎች የእድር ሴቶች ጋር ሆነው፣ አድራሻውን ከወይዘሮ ክብረት ተቀብለው፣ ሁለት ታክሲ ቀያይረው፣ ዳቦና ለስላሳ ይዘው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እያለከለኩ ወጥተዋል። ከኋላቸው ጫልቱና ገመቺስ አሉ። አቶ ሕሩይ በሩን ከፍተው አንድ በአንድ አዩአቸው።

«ለቅሶ ልንደርስ ነው የመጣነው» አሉ እትዬ ዓለም። «ዘግይተናል። ልጅቷም ዘግይታ ነው የደረሰችው።»

ገቡ፣ ተቀመጡ። ከዚያ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። አቶ ሕሩይ «አሜን» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ሰገነት አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም። አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። እጇን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። እሷ አላለቀሰችም፤ ማንም እንድታለቅስ አልገፋፋትም።

ሰዎቹ ሲሄዱ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«አባዬ» አለች።

«ወይ።»

«ዝናብ ነበር?»

አቶ ሕሩይ መለሱ። «ጠዋት አካፍቶ ነበር። ወደ መቃብር ስንሄድ ፀሐይ ወጣ።»

«ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ነገሯት። እናቷ ልብስ እያሰጣች «ራሴን» ያለችበትን ሰዓት፣ ታክሲ ፍለጋ መሮጣቸውን፣ የሐኪሙን ፊት፣ ማን ገነዛት፣ ማን ተሸከማት፣ ቄሱ ምን አሉ። ሰገነት አንዳንዱን ቦታ «እስቲ ድገመው» ትላቸዋለች፤ ይደግሙላታል።

«ለፈተናሽ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አፈር ስትለብስ ግን ዞር ብዬ ፈለግሁሽ። እኔው ራሴ አስቀርቼሽ፣ የት ሄደች ብዬ ፈለግሁሽ።»

«አስከፍቶኛል፣ አባዬ» አለች። መከፋቷ ግን ገና ሩቅ ነበር፤ የሌላ ሰው ነገር የምታወራ መሰላት።

«ይክፋሽ እንጂ» አሉ።

ሰኞ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ድራማው በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲደገም ተወሰነ፤ ጫልቱ ጮኸች፣ ወደቀች፣ ሰዉም አለቀሰ። ሰገነት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የሚቀጥሉትን ተዋንያን በተራ ታስገባ ነበር።

የኢንተርንሺፑ የመጨረሻ ሳምንት ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ታክሲው መገናኛ ከመድረሱ በፊት መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመ። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ረዳቱ መልስ እየሰጠ ነው፣ ሹፌሩ ዜና ከፍቷል። ሰገነት በመስኮት እያየች ሳለ ፊቷ እርጥብ መሆኑን አወቀች። ከዚያ ትንፋሿ ተቆራረጠ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት፣ ሶፍትም ሰጠቻት። ምን ሆነሽ ነው አላለቻትም።

ረጅም አልነበረም። መገናኛ ሲደርሱ አበቃ። ሁለተኛውን ታክሲ ያዘች፣ ቀበና ወረደች፣ በማዕከሉ ቧንቧ ፊቷን ታጠበች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እጇን ትንሽ አቆየችበት። ከዚያ ክፍል ገባች። ሕፃናቱ ንባብ ጀምረው ነበር። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ አንድ ቃል ላይ ተሰናክሏል፤ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠችና አብረው ፊደሉን ከመጀመሪያው ለቀሙት።