ስቅለት ዕለት ያልተሸጠው አክሲዮን

ከዚህ በታች አንዲት ቃል ቀጥፌ ከሆነ እጄ ከነብዕሬ ይድረቅ። ለንደን ውስጥ ሀዲስን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ካለም ገና ከአውሮፕላን ያልወረደ ነው። ሥራው አውቶቡስ መንዳት ይሁን እንጂ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ባለችው ቤቱ፣ በዚያች አንድ እግሯ በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ፣ የከተማው ባንኮች ተሰብስበው የማያወጡት ዕቅድ ወጥቶባታል።

የመጨረሻው ዕቅድ እንዲህ ነበር። አንድ የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራ የአሜሪካ ኩባንያ ሐሙስ ማታ ትርፉን ያሳውቃል። ሀዲስ ገበያው ሳይዘጋ አክሲዮኑን ይገዛል፤ በወሬው ዋጋው ሲተኮስ ሸጦ ይወጣል። በስልኩ የሚያገበያየው ድርጅት አንዱን ፓውንድ በአምስት ያባዛለታል፤ ትርፉም በአምስት፣ ኪሳራውም በአምስት። ገንዘቡ ግን ሚስቱ ወርቅዬ የሆቴል አልጋ እያነጠፈች ለትኬት ያጠራቀመችው ነው። ደሴ ያሉት እናቷ አልጋ ከያዙ ወር አልፏቸዋል።

"ሀዲስ፣ እማዬ እኮ ጊዜ የላትም" አለችው።

"አንቺ ደግሞ! ሰኞ ሁለት ትኬት እቆርጣለሁ። አብሬሽ ነው የምሄደው፤ ያውም ፊት ወንበር ላይ!"

ገዛ። በነጋታው የእኛ ስቅለት ነው። በፈረንጆቹ ስቅለት ገበያው ሲዘጋ በዓይኑ አይቷልና፣ "ጌታ በተሰቀለበት ቀን ማን ይነግዳል? ሰኞ እሸጣለሁ" ብሎ ስልኩን አጥፍቶ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ሌላው መቶ ሲሰግድ እሱ ሺህ ሰገደ፤ ቄሱ "ልጄ፣ ለምንጣፉ እዘንለት" እስኪሉት ድረስ። የፈረንጆቹ ስቅለት ግን ካለፈ ሳምንቱ ነበር። ገበያው ተከፈተ፤ ዋጋው ሽቅብ ወጣ፤ የሀዲስ ግንባር ከመሬት ሳይነሳ ቁልቁል ተምዘገዘገ። ማታ ስልኩን ሲከፍት የተረፈው እንኳን ደሴ፣ ግማሽ መንገድም አያደርስም።

እናቷ በዳግም ትንሣኤ ዐረፉ።

እዚያው ለንደን ቤታቸው፣ ለቅሶው ላይ ሦስት መቶ ሰው በሁለት ክፍል ተቀመጠ። ሀዲስ ይህንኑ ሁሉ ዐይኑ እንባ እንዳቀረረ አወጋ። ሽማግሌው ጎረቤታቸው ጋሽ ጸሃየ ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

"አይዞህ ልጄ። ለአምላክህ ስትሰግድ ነው የከሰርከው፤ አያስነቅፍህም።"

"አዎ ጋሼ፤ ስልኬን ባላጠፋው ኖሮ…"

ወርቅዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ቤተ ክርስቲያን አልገባም፣ ጋሼ። ደጅ መኪና ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አየር ልወስድ ስወጣ ስልኩን ታቅፎ አገኘሁት። ቁጥሩ አረንጓዴ ነበር፤ የሁለት ትኬት ዋጋ ሞልቷል። 'ሽጠውና ልሂድላት' አልኩት። 'ትንሽ ይጨምር' አለኝ።"

የነጠላዋን ጫፍ አጣጠፈች።

"እኔም ተመልሼ ገባሁና፣ በስቅለት፣ ዋጋው እንዳይወርድ ሰገድኩ።"