ኮቴ የሌለው ባል

እንጨት ከእንጨት ፈትጎ እሳት የሚያወጣ ባል አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «ታድለሽ!» ይለኛል። ከፈለጉ ይውሰዱት! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሻንጣውን አንግቶ ከከተማ ውጪ ያለው ጫካ ይገባል፤ የሚመለሰው እሁድ ነው። እዚያ ጋሽ ዱካ የሚሏቸው አስተማሪ አሉ፤ የጥንት ሰው ያለ ክብሪት፣ ያለ ድንኳን፣ ያለ ሱቅ እንዴት እንደኖረ ያስተምራሉ። ልጥ ገምዶ ገመድ መሥራት፣ በቅጠል መጠለያ ማበጀት፣ የአውሬ ዱካ መለየት፣ አንድ ዛፍ ሥር ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ ወፏ ለምን እንደጮኸች ማወቅ። በሥራ ቀን ኤሌክትሪሻን ነው። የሌላውን ሰው ቤት ሲያበራ ይውላል።

ነገሩ የጀመረው እናቴ በሞተች ሰሞን ነው። ያረፈችው እኛው ቤት፣ የስፌት መኪናዬ ያለበት ክፍል ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ ሲበተን ሁለታችን ቀረን፤ እኔ «እንዴት ነሽ?» እስኪለኝ ስጠብቅ እሱ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እንኳ እንደ ድመት ነው የሚራመደው። ጋሽ ዱካ እንዳስተማሩት መጀመሪያ የእግሩን ጠርዝ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ውስጡን ያሳርፋል። እየሰፋሁ ዞር ስል ከኋላዬ ተገትሮ አገኘዋለሁ፤ ስንቴ ደንግጬ መርፌ ወጋኝ! የጨርቅ መቀሴን ወስዶ ልጥ ሲቆርጥበት ባደነዘው ቀን ደግሞ ደሜ ፈላ። ጮህኩበት። እሱ ግን ዝም። የእናቱ ልጅ ነው፤ አማቴ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ነው ያሳደጉት።

አንድ ቀን ጋሽ ዱካንና ጓደኞቹን ቤት ጠራቸው። ጠረጴዛ ላይ ቁልፍ፣ አዝራር፣ ላባ፣ ጠጠር፣ ምኑንም ምናምኑንም ደርድረው በፎጣ ሸፈኑት። አንዱ በስውር አንድ ነገር ያነሳል፤ ከዚያ ፎጣው ይገለጥና «ምን ጎደለ?» ይባላል። ባሌ አንዴም አልሳተም።

«ዓይኑ የንስር ነው እኮ!» አሉኝ ጋሽ ዱካ፣ ሻይ ሳቀብላቸው።

ለቅሶ ያሳበጠውን ዓይኔን ይዤ ፊቱ ቆሜያለሁ፤ ንስር ነው ይሉኛል!

ያኔ ቆረጥኩ። በማግስቱ የእናቴን ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ ታላቅ እህቴ ቤት ወሰድኩት። ባሌ ዝም። የግድግዳ ሰዓቱን ወሰድኩ። ዝም። ምንጣፉን። እናቴ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥበትን ወንበር። ወንበሩ በነበረበት ቦታ አልፎ እጁን ታጠበና ራቱን በላ።

እህቴ ተቆጣችኝ። «አፍ የለሽም እንዴ? ንገሪው!»

«ከነገርኩትማ ምኑን አየ? ራሱ አይቶ ከጠየቀኝ ዕቃውን በጀርባዬ ተሸክሜ እመልሳለሁ። ካልጠየቀኝ እኔም ዕቃዬን ተከትዬ እመጣለሁ።»

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ጭስ ጭስ እየሸተተ ገባ። ሳሎኑ ውስጥ እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ምን ጎደለ?» አልኩት።

ሲንተባተብ አያለሁ ብዬ ነበር።

«መጀመሪያ የእናትሽ ፎቶ» አለ። «ቀጥሎ ሰዓቱ። ምንጣፉ። ወንበሩን ያወጣሽው ዝናብ የጣለ ቀን ነው፤ በሩ ላይ ጭቃ ነበር። አሁን ደግሞ የስፌት መኪናሽ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ስትሠሪ ማንጎራጎር ትተሻል። ሻይሽ ውስጥ ስኳር አታደርጊም። ጠዋት ጠዋት ትራስሽን ትገለብጪዋለሽ፤ እርጥቡ እንዳይታይ።»

ከሻንጣዬ ላይ ብድግ አልኩ።

«እና ለምን ዝም አልክ?»

«የደነገጠ እንስሳ ስታይ አትንቀሳቀስ ይላሉ ጋሽ ዱካ። ከተንቀሳቀስክ ይበረግጋል። እኔም እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

«እኔ ሚዳቋ ነኝ?» ጩኸቴ ባዶው ቤት ውስጥ አስተጋባ። «ሚስትህ እኮ ነኝ! ትራሴ መርጠቡን እያወቅክ ነው ጀርባህን ሰጥተኸኝ የምትተኛው? እኔ ሞኟ፣ አያይም እኮ እያልኩ ይቅር ስልህ ከርሜያለሁ! ዓይንህን ግንባር ያድርገው!»

«እኔ እኮ ዝም አይነቅ...»

«ነቅዟል!» አልኩት። «እስከ ውስጡ ነቅዟል!»

እጁ ወደ እኔ ትንሽ ተነሳ፤ ተመልሶ ወረደ። ካለበት ግን ንቅንቅ አላለም። ጥዬው ልወጣ ስል እንኳ ትምህርቱን ይለማመድብኛል!

ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ኮቴዬን ፎቁ ሁሉ ይስማው ብዬ ደረጃውን እየደበደብኩ ወረድኩ። ታች በሩ ጋ ስደርስ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ምንም የለም። ይከተለኝ፣ እዚያው ተገትሮ ይቅር፣ አላወቅኩም፤ ባሌ ሲራመድ አይሰማም። አልዞርኩም። እንደ ሰው እየረገጠ ቢመጣ ኖሮ ቆሜ እጠብቀው ነበር።