በመጀመሪያ አወዳደቅ

ዲና ሻሿን የተጎተተችው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 መስከረም ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ባስ እየጠበቀች ሳለ ነው። ጎታቹ የክፍሏ ልጅ ነው። ጓደኞቹ ሳቁ። እሷ ሻሿን ከመሬት አንስታ አራገፈችው፤ መልሳ አሰረችውና ባሱ ሲመጣ ገባች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለእናቷም ለአባቷም አልተናገረችም። የነገረችው ለአያቷ ብቻ ነው።

አያቷ ጋሽ ይማም ከወሎ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኮምቦልቻ አሰብ በከባድ መኪና የተመላለሱ ሰው ናቸው። አሁን ኦክላንድ ውስጥ ሌክ ሜሪት አጠገብ፣ ልጃቸው ራህመት ቤት ይኖራሉ። ራህመት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ ባሏ ሳሊሕ ፕሌዘንተን ላሉ ቢሮዎች ሠራተኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ሁለቱ ሥራ ሲሄዱ ቤቱ የአያትና የልጅ ልጅ ይሆናል። እሳቸው እንግሊዝኛ የላቸውም፣ የእሷ አማርኛ ደግሞ ግማሽ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የማይጨዋወቱት ነገር አልነበረም።

«አባባ፣ ፋይት ማድረግ መማር እፈልጋለሁ» አለቻቸው። «ለእማዬ አትንገር።»

ዲና ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ነው የምትለው። እናቷ በሰማች ቁጥር ትቆጣታለች፤ ጋሽ ይማም ግን አንድም ቀን አርመዋት አያውቁም።

«ምክንያቱን ንገሪኝና አልነግርብሽም።»

ነገረቻቸው። ጋሽ ይማም የሻሿን ጫፍ አቃኑላት። ከዚያ «አብሽሪ» አሏት። «እኔና አንቺ ደህና ማሠልጠኛ ቤት እንፈልጋለን።»

ለራህመት ስፖርት ነው አሏት። እሷም ልጅቷ ዓይኗን ከስልክ ላይ ከነቀለች ምንም ይሁን ብላ ፈቀደች።

ጋሽ ይማም ትምህርት ቤት የሚመርጡት ጋራዥ ይመርጡ እንደነበረው ነው። ኮምቦልቻ ሳሉ መኪናቸውን ለማያውቁት መካኒክ ከመስጠታቸው በፊት ግማሽ ቀን ተቀምጠው የሰውየውን እጅ ያዩ ነበር። የፈታውን ብሎን ሲወረውር ካዩት ተነስተው ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው በባስ ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ የካራቴ ቤት ነበር። መስታወቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ነው፤ መደርደሪያው በዋንጫ ተሞልቷል። ዲና ገና ስትገባ ዓይኗ በራ፣ ፎርምም ተቀበለች። ጋሽ ይማም ጥግ ላይ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። አንድ ትንሽ ልጅ አፍንጫውን ተመታና ወደ ግድግዳው ዞሮ ማልቀስ ጀመረ። አስተማሪው አየው፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለቱን ግን አላቋረጠም። ጋሽ ይማም ጠበቁ። ማንም ዞር አላለም። ተነስተው ለልጁ መሐረባቸውን ሰጡትና ዲናን ጠሩ።

«ፎርሙን መልሺላቸው።»

«ለምን? አባባ፣ ዋንጫውን አላየህም?»

«አይቻለሁ። ልጁንም አይቻለሁ።»

ሁለተኛውን ዲና ራሷ ኢንተርኔት ላይ አገኘችው። ሳን ሆዜ ስለሆነ ሳሊሕ በእረፍት ቀኑ ወሰዳቸው። ቤቱ ንጹሕ ነበር። አስተማሪው ልጆቹን ሁሉ በስማቸው ይጠራል፣ የደከመውን ውሃ ጠጣ ይላል። ጋሽ ይማም ወደዱት። ትምህርቱ ሲያበቃ ግን ተማሪዎቹ በሰልፍ ተንበረከኩና ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። ዲና ቀና ብላ አያቷን አየች።

ሳሊሕ ሄዶ ጠየቀ። አስተማሪው ፎቶው የመሥራቹ እንደሆነ፣ አምልኮ ሳይሆን ምስጋና እንደሆነ በትሕትና አስረዳው፤ ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው አለ።

«እኛ ግንባራችንን የምናስነካው ለአንድ ብቻ ነው» አሉ ጋሽ ይማም። «ሰውየው ግን ጨዋ ነው። አመስግንልኝ።»

ዲና እስከ ኦክላንድ መስኮት መስኮቱን እያየች መጣች። አንድ ጊዜ ብቻ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ይማም።

«ለእኔ የሚሆን ቤት የለም ነው የምትለው» አላቸው ሳሊሕ።

ጋሽ ይማም እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ጉልበቷን መታ መታ አደረጓት። 

ሦስተኛውን ያገኙት ሳይፈልጉት ነው። ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ፣ ሌክ ሜሪት ዳር ካለ የሰፈር አዳራሽ ፊት ሲያልፉ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ሰሙ። ጋሽ ይማም ቀስ እያሉ ነበር የሚራመዱት። ባለፈው ጥር ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ፣ እግራቸውን የእጅ መታጠቢያው ውስጥ ሲያጥቡ ተንሸራተው ወድቀው ነበር። ስብራት ባያገኛቸውም፣ ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ወይም የዲናን ትከሻ ሳይዙ አይሄዱም።

ገብተው አዩ። ሰማያዊ ፍራሽ ላይ ልጅ አዋቂው ተራ በተራ ይወድቃል። ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ወደ ጎን ይወድቃል፣ ፍራሹን በክንዱ መትቶ ይነሳል። የሚያስተምሩት ፀጉራቸው ነጭ፣ ቁመታቸው ከዲና ያልበለጠ ጃፓናዊት አሜሪካዊት ናቸው። ስማቸው ሚስ ኦኩዳ ነው፤ ትምህርቱ ጁዶ። አንዲት ልጅ አወዳደቋ ተበላሽቶ ክርኗን ስትይዝ ሴትየዋ ክፍሉን በሙሉ አስቆሙና ተንበርክከው ክርኗን አዩላት። እስክትስቅም አልተነሱም።

ጋሽ ይማም ዲናን በጎን ነካ አደረጓት። «ሂጂ አነጋግሪያት። የሻሹንም የስግደቱንም ጠይቂ።»

መልሱ አጭር ነበር። ሻሹ ያለ ስፒል ይታሰር፤ ሰላምታው ደግሞ እጅን ደረት ላይ በማድረግ ይሆናል። ቀጥለው ሚስ ኦኩዳ አንድ ነገር ጠየቁ። ዲና ወደ አያቷ ዞረች።

«ለምን መማር ትፈልጋለች፣ እኔ፣ ትላለች።»

«ሻሽሽን እንደጎተቱሽ ንገሪያት።»

«ኖ።»

«የራስሽ ነገር ነው። ካልፈለግሽ እንሄዳለን።»

ዲና ቆመች። ከዚያ ዓይኗን ፍራሹ ላይ ተክላ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉንም ተናገረች። ሚስ ኦኩዳ ከንፈራቸውን አልመጠጡላትም። እስክትጨርስ ሰምተው፣ «የመጀመሪያውን ወር መውደቅ ብቻ ነው የምትማሪው» አሏት። «መሬቱን ካልፈራሽው የሚገፋሽን ሰው መፍራት ይቀንሳል።»

ዲና ይህን ስትተረጉም ጋሽ ይማም የበሩን መቃን እንደያዙ ነበር። ሚስ ኦኩዳ እጃቸውን አዩና ሌላ ነገር ተናገሩ። ዲና ሳቀች።

«አባባ፣ አንተም ና ትላለች።»

«እኔ? ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ እኮ ነው በያት።»

ነገረቻቸው። «እሷ ሰባ አራት ነኝ ትላለች።»

እንዲህ ሆኖ ጋሽ ይማምም ተማሪ ሆኑ። መጀመሪያ ከተቀመጡበት ነው የወደቁት፤ አገጭ ወደ ደረት፣ ጀርባ እንደ ድስት ክብ፣ ክንድ ፍራሹ ላይ። ሦስት ሳምንት ከተቀመጡበት ብቻ ወደቁ። ከዚያ ከጉልበታቸው። ለራህመት የነገራት የለም።

ጥር ላይ ራት ሲበሉ የጋሽ ይማም እጅጌ ወደ ላይ ተሰበሰበ።

«አባዬ፣ ክንድዎት ምን ሆኖ ነው የቀላው?» አለች ራህመት።

«ወድቄ ነው።»

ራህመት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «የት ወደቁ?»

«አዳራሹ ውስጥ።»

«ስንት ጊዜ?»

ጋሽ ይማም አሰቡ። «ሐሙስ ዕለት ሃያ ግድም ይሆናል።»

ዲና ሳቋን ለመያዝ አፏን በእጇ ሸፈነች። ራህመት ግን አልሳቀችም። የወደቀ ሽማግሌ ምን እንደሚሆን በየሳምንቱ በሥራዋ ታያለች፤ ወድቀው ሆስፒታል ሄደው ያልተመለሱትን በስም ታውቃቸዋለች። በሚቀጥለው ሐሙስ ሺፍቷን ለሰው ሰጥታ፣ ነገሩን ልታስቆም ወደ አዳራሹ ሄደች።

ስትገባ አባቷ ፍራሹ መሐል ቆመው ነበር። ልትጣራ አፏን ስትከፍት ጋሽ ይማም ቁጢጥ አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ፣ ወደ ኋላ ሄዱ። ክንዳቸው ፍራሹን መታ። ወደ ጎን ተንከባለሉና አንድ ጉልበት፣ ከዚያ አንድ እግር እያሉ ተነሱ። የያዙት ነገር አልነበረም። ራህመት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ትምህርቱ ሲያልቅ ዲና መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ለምን ደበቃችሁኝ?»

ዲና በእንግሊዝኛ ጀመረችና ተወችው። «እማዬ፣ ሻሼን አንድ ልጅ ጎተተው። ባስ ስቶፕ ላይ። በፊት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታለቅሻለሽ ብዬ።»

«አላለቅስም» አለች ራህመት፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። ጋሽ ይማም ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ካልሲያቸውን ሲያደርጉ ብዙ ቆዩ።

ሰኞ ጠዋት ራህመትና ሳሊሕ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ልጁ ከእናቱ ጋር ተጠርቶ ይቅርታ ጠየቀ። ዲና ይቅርታውን ተቀበለች፤ ልታወራው ግን አልፈለገችም፣ ማንም አላስገደዳትም።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ራህመት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ሰዉ መውጣት ሲጀምር ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ ወጣች።

«እስቲ እኔን ጣይኝ።»

«እማዬ፣ ኖ።»

«ጣይኝ አልኩሽ። ቀስ ብለሽ።»

ዲና ሚስ ኦኩዳን አየች። እሳቸው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ዲና የእናቷን እጅጌና ኮሌታ ያዘች፣ እግሯን ከኋላ አስገባች፣ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው አድርጋ አጋደመቻት። ራህመት እንደተጋደመች ቀረች። መጀመሪያ ሆዷ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ መነሳትም አቃታት። ዲናም አጠገቧ ተዘረጋችና አብራት ሳቀች።

«ክንድሽን አልመታሽም» አሏት ጋሽ ይማም። «ተነሽና እንደገና።»