የላይኛው ሳህን

ከቤተ መጻሕፍት የመጣችው ልጅ ደብተሯን ከፍታ፣ እርሳሷን ቀርጻ፣ «የሃስኪንን ታሪክ ይንገሩኝ» አለችኝ። ከተማችን መቶ ዓመት ሊሞላት ነው፤ መጽሐፍ እያዘጋጁ ነው አሉ። የመጀመሪያው የከሰል ጉድጓድ መቼ እንደተቆፈረ፣ ስንት ሰው እንደወረደበት፣ ማን ከንቲባ እንደነበረ ሁሉንም አግኝታዋለች። «የቀረኝ የሰዉ ታሪክ ነው» አለች። እኔም ስለ ቅናቴ ነገርኳት። ግማሽ ገጽ እንኳ ሳትጽፍ ደብተሯን ዘጋችው። እሷ ካልጻፈችው እኔው እጽፈዋለሁ። ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከእንግዲህ ማንን እፈራለሁ?

እኔ ማንዳ ቀናተኛ ሴት ነኝ፤ አልክድም። ባሌ ባርቶል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማርያም ሐውልት ፊት ትንሽ ረዘም አድርጎ ቢንበረከክ እንኳ ዓይኔ ይቀላ ነበር። በ1926 የያዘኝ ቅናት ግን ከዚያ ሁሉ የባሰ ነው። የጀመረውም በለውዝ ፍርፋሪ ነበር።

የከሰል ቆፋሪ ምሳ ዕቃ ባለ ሦስት ደርብ ነው። ከታች ውኃ፣ ከመካከል ዳቦና የአሳማ ሥጋ፣ ከላይ በትንሿ ሳህን ጣፋጭ ነገር። የሃስኪን ሴት ሁሉ የምትጠበበው በላይኛዋ ሳህን ነው። ደግሞ ልማድ አለ፤ ልጅ ያለው ቆፋሪ ያቺን ሳህን አይጨርስም፣ አንዲት ቁራሽ ያስተርፋል። ልጆቹ ማታ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁና ያቺን የከሰል ብናኝ ያረፈባትን ቁራሽ ይሻሙባታል። ቤት ውስጥ ሙሉ ኬክ ቢቀመጥም የምትጣፍጠው ከጉድጓድ የመጣችው ናት። የኛ ኢቪሳም እንደዚያው ነበር። በአራት ዓመቱ ጉሮሮ በሚዘጋ በሽታ ሞተብን። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባርቶል ቤት ውስጥ አይናገርም። «ጨው አቀብዪኝ»፣ «ነገ ሥራ አለ»፣ «ደህና እደሪ»፤ በቃ፣ ይኸው ነው። የልጁን ስም አንድ ቀን እንኳ አላነሳም። እኔ ካነሳሁ ኮፍያውን አንስቶ ይወጣል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር።

አንድ የጥቅምት ማታ ምሳ ዕቃውን ሳጥብ በላይኛዋ ሳህን ላይ የለውዝ ፍርፋሪ አገኘሁ፤ ማርም ተለውሶበታል። እኔ ጠዋት ያስቀመጥኩት የፖም ኬክ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ይሄ! ለውዙ!»

«ቪንኮ ሰጠኝ።»

«ማን ጋገረው?»

«እንጃ፣ ከቤቱ ነው» አለና ጀርባውን አዞረ።

ቪንኮ የጉድጓድ ባልንጀራው ነው። እዚያ ታች ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲቆፍር ሌላው የጉድጓዱ ጣሪያ እንዳይናድ ድምፁን ያዳምጣል። ሰው ከሚስቱ ይልቅ ከባልንጀራው ጋር ብዙ ሰዓት ያሳልፋል። ቪንኮ የኢቪሳ የክርስትና አባት፣ አበልጃችን ነበር። ልጃችን፣ ቀጥሎም የሱ ሚስት ሮዛ ሲሞቱ ግን ቤት ለቤት መጠያየቁን ተውነው። ባለፈው ሚያዝያ ደግሞ የሮዛ ታናሽ እህት ሚልካ ከባሕር ማዶ፣ ከአገር ቤት መጥታ እሱ ጋ ገባች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ወገቧ በሁለት እጅ ይታቀፋል። እኔ ያን ጊዜ ወገቤን የት እንዳስቀመጥኩት ረስቼው ነበር።

ነገሩን ለጎረቤቴ ለጣሊያኗ ዶሚኒካ በአጥር ላይ አጫወትኳት። የምታሰጣውን ልብስ ጥላ ሳቀች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ትስቂብኛለሽ?»

«ልሳቅ እንጂ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ያቺ ልጅ ከመጣች ስድስት ወሯ፤ አንቺ ገና ፍርፋሪ ትለቅሚያለሽ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ፈትኚው። ኬኩ ውስጥ ስኳሩን ትተሽ ጨው ጨምሪበት። ከበላው ይጮኻል። ካልጮኸ ያንቺን ጥሎ የሷን እየበላ ነው።»

በማግስቱ ሦስት ማንኪያ ሙሉ ጨው ጨመርኩበት። ማታ ሳህኗ ተጠርጋ መጣች።

«ኬኩ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ጥሩ ነበር።»

ጥሩ! ያን ኬክ የቀመሰ ሰው እስከ ፋሲካ ውኃ ሲጠጣ ነው የሚከርመው! እኔ በሌሊት ተነስቼ ፖም ስልጥ እሱ ቆሻሻ ላይ ይደፋዋል፤ ከዚያ የሚልካን ለውዝ ጣቱን እየላሰ ይበላል። ገንዳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲታጠብ ጀርባውን መመርመር ጀመርኩ። ቆፋሪ ጀርባውን አያስነካም፤ ከታጠበ ጉልበቱ ይሄዳል ይባላል። ሌላ ሴት አጥባው እንደሆነ የነጣ ቦታ ፈለግሁ። ጀርባው እንደወትሮው ጥቁር ነው። ትንሽ አጽናናኝ፤ ግን አንድ ቀን ብቻ።

እንዲህ ስብሰለሰል ታኅሣሥ ገባ። ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው። ባርቶል ካርታ ሊጫወት ወደ ቆፋሪዎች ማኅበር አዳራሽ እንደሄደ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቴን ለበስኩ። የሊጥ መዳመጫዬን ከካፖርቱ ሥር ሸጎጥኩት። የጣሊያኖቹን ሰፈር አልፌ፣ የዌልሶቹን ጸሎት ቤት አልፌ፣ ሁልጊዜ የሚጨሰውን የከሰል ጥራጊ ክምር ዞሬ ቪንኮ ቤት ደረስኩ። አላንኳኳሁም። በሩን በርግጄ ገባሁ።

«በሩን ዝጊው! ብርድ ከገባ ሊጡ ይቀደዳል!»

የጮኸው ቪንኮ ነው። ጠረጴዛው ላይ የአልጋ አንሶላ ተነጥፏል፤ አንሶላው ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ እስከ ጠርዙ ተዘርግቷል። ያ መቶ ኪሎ የሚሆን ሰው የሮዛን አበባማ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጢሙ ዱቄት ለብሶ፣ እጁን ከሊጡ ሥር አስገብቶ በእርጋታ ይስባል። የግራ እጁን ሁለት ጣቶች የከሰል ጋሪ ቆርጦበታል፤ በቀሩት በሦስቱ ነው የሚስበው። ሚልካ መስኮቱ አጠገብ እግሯን ሰቅላ ጋዜጣ ታነባለች።

ቪንኮ ቀና ብሎ አየኝ። «አበልጄ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ማነው እዚህ ቤት ለውዝ የሚጋግረው?»

ሚልካ ከጋዜጣዋ ቀና ብላ ሳቀች። «እኔን እንዳትዪ ብቻ! እኔ እንቁላል ስቀቅል ጎረቤት እሳት ተነሳ ብሎ ባልዲ ይዞ ይወጣል።»

«የሮዛ ሙያ ነው» አለ ቪንኮ። «ታማ በተኛችበት፣ ከአልጋዋ ሆና እየሰደበችኝ ነው ያስተማረችኝ። ይልቅ አንቺ፣ የዚያን ሰሞን ኬክ ላይ ያን ሁሉ ጨው ምን ብለሽ ነው? ገደልሽኝ እኮ!»

«አንተ ነህ የበላኸው?»

«ታዲያ ማን ይበላዋል? ባርቶል ‘እባክህ ጨርሰው፣ ተርፎ ከተመለሰ ይከፋታል’ ብሎ ለመነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። የሱንም የኔንም ውኃ ጨርሼ ጋሪ የሚጎትቱት በቅሎዎች ገንዳ ጋ ሄጃለሁ።»

«እሱ ለምን አይበላውም? የኔ እጅ ምን ሆነ?»

ቪንኮ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «አልነገረሽም?»

«እሱ ቤት ውስጥ ምን ይናገራል?»

«የላይኛዋ ሳህን የኢቪሳ ድርሻ ናት ይላል። ያንቺ ኬክ ከሆነ ጉሮሮው ላይ ይቆማል፣ አይወርድለትም። ሲሞክር አይቼዋለሁ፤ ያኝካል፣ ያኝካል፣ ከዚያ ይተፋዋል። ሰው እንዴት ያለ አንዳች ጣፋጭ ይውላል ብዬ ነው ይቺን የጀመርኩለት። የኔዋ የልጁ አይደለችም፤ ትወርድለታለች።»

መዳመጫው ከካፖርቴ ሥር ወለሉ ላይ ወደቀ። ሚልካ አንስታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረችው። አልሳቀችብኝም፤ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

«እሱ ኢቪሳ አለ?» አልኩት። «ስሙን ጠርቶ?»

«እንዴ! ሌላ ወሬ መቼ አለው? ባዶ ጋሪ እስኪመጣ ስንጠብቅ የሚነደው ካርባይድ እንዳይባክን የባርኔጣችንን መብራት እናጠፋለን። ያኔ ይጀምራል። ኢቪሳ እንዲህ አለ፣ ኢቪሳ እንዲህ አደረገ። አንዳንዴ ዝም ስል ‘ቪንኮ፣ አለህ?’ ይለኛል። ‘አለሁ’ እለዋለሁ፤ ይቀጥላል። ያቺን የመጨረሻዋን ሌሊት እንኳ፣ ልጁ ያለውን…» ብሎ ድንገት ቃሉን ዋጠው።

«ምን አለ ልጄ?»

«ከሱ ስሚ።»

«ቪንኮ፣ እናቱ ነኝ!»

«አውቃለሁ፣ አበልጄ። ግን ጨለማ ውስጥ አደራ የሰጠኝ ነገር ነው። ከሱ ስሚ።»

መዳመጫዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ሚልካ ብትሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ ጸጉሯን ነጭቼ፣ ተሰድቤ፣ ተሳድቤ ቤቴ እገባ ነበር። በዚህኛው ግን ምን ይደረጋል? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ስለምን፣ ያ ጣተ ጎዶሎ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ባሌ የሚለውን ሁሉ ሰምቶታል። የልጄን የመጨረሻ ቃል እሱ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ያቺን ሌሊት ተኝቼ ነበር። ሦስት ቀን ዓይኔን ሳልከድን ከርሜ፣ ባርቶል «ትንሽ ጋደም በይ፣ እኔ አለሁ» ብሎኝ ነው። ስነቃ ልጄ የለም። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ በቪንኮ ቀናሁ፣ በጉድጓዱ ቀናሁ፣ በበቅሎዎቹ ሳይቀር ቀናሁ፤ እነሱም ሰምተው ይሆናላ! ቪንኮ እስከሞተበት ቀን ድረስ ያ ቅናት ፈጽሞ አልለቀቀኝም።

እሑድን ቻልኩት። ሰኞ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የጉድጓዱ ጡሩምባ ጮኸ፤ በብርዱ ወራት ያን ሰዓት ውጪው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ባርቶል መጣ፣ ታጠበ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሾርባውን ጨልፌ ሰጠሁት። ከዚያ የምድጃውን በር ገጥሜ ዘጋሁና ፋኖሱን እፍ አልኩት።

«ምነው?» አለ።

«ላምባው አለቀ።»

«ቅዳሜ አልገዛሽም?»

«ረሳሁ።»

ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ። እኔ የምተነፍሰውን ትንፋሽ እንኳ ቀነስኩ። በጣም ብዙ ቆየን። ራሴን «ሞኝ ነሽ፣ ክብሪቱን አንሺ» ልላት ምንም አልቀረኝም።

«ዛሬ ጣሪያው ሲንሾካሾክ ነው የዋለው» አለ ባርቶል።

ድምፁ ሌላ ነበር፤ በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት የነበረው ድምፁ።

«ነጯ በቅሎ አነከሰች። ወደ ላይ አወጧት» አለ። «ኢቪሳ ይወዳት ነበር። ‘እሷ ጉድጓድ ገብታ ለምን አትጠቁርም?’ ብሎ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

ይህን አላውቅም ነበር፤ የኔው ልጅ ያለውን አላውቅም ነበር።

«ያቺን ሌሊት ሁለቴ ነው የተናገረው። መጀመሪያ ‘አባባ፣ ነገ ከሳህኗ ምን ታመጣልኛለህ?’ አለ። የፖም ኬክ አልኩት። ቆይቶ ‘እማማን ቀስቅሳት’ አለኝ። አልቀሰቀስኳትም። ደክሟታል፣ ሲነጋ ታይሃለች አልኩት። እሺ ብሎ ተኛ። አልነጋለትም። ጠርቶሻል ብዬ፣ እኔ ነኝ ያልቀሰቀስኩሽ ብዬ፣ እንዴት አድርጌ ልንገራት?»

ልጄ ጠርቶኛል። ጠርቶኝ አልመጣሁለትም፤ ያስቀረኝም ይህ ሰው ነው። ጠረጴዛውን ልገለብጠው ተነሳሁ። መጮህ ፈለግሁ፣ ፊቱን በጥፍሬ መቧጨር ፈለግሁ። ጨለማ ስለሆነ ፊቱ የት እንዳለ አላወቅሁም።

«ቪንኮ፣ አለህ?» አለ።

ረስቶ ይሁን አውቆ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። በሌላ ቀን ባሌ በሰው ስም ቢጠራኝ ያ ቤት ውስጥ አንድም ሳህን ሳይሰበር አያድርም ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«አለሁ» አልኩት።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። እጁ ጠረጴዛውን እየዳበሰ መጥቶ እጄን አገኘ። ጣቶቼን ከአውራ ጣቴ ጀምሮ አንድ በአንድ ነካቸው፤ አምስቱም ነበሩ፣ እንደ ቪንኮ አልጎደሉም። እጁ ትንሿ ጣቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠበቅኩ። እጁን አላነሳም።